መሐል ዘፈን ላይ የተሸጠው ከበሮ

ዛሬ ልጄ በኮንሰርቱ መሐል ከበሮውን ሸጠው።

ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁመው፣ ፓንክ የሚባል ጩኸት ነው የሚጫወቱት። ጊታሩ የውሰት ነው፤ ዘፋኙ ይጮኻል። የእኔው ዳዊት ደግሞ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ስለሆነ፣ የውሃ በርሜሌን ወስዶ ከበሮ አደረገው። "እማዬ፣ ከኮንሰርቱ በኋላ እመልሰዋለሁ" ብሎ ምሎልኝ ነበር።

ኮንሰርቱን እዚያው ተራው ውስጥ አደረጉት። ዙሪያውን ሁሉም ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ኮንሰርት መሆኑን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ተነግሮኝ ነው።

አንዲት ሴትዮ መጥታ በርሜሉን አንኳኳች። "ይሄ ስንት ነው?"

ዳዊት ምቱን ሳያቆም ዋጋ ጠራ።

"ቀንስ እንጂ! ጎኑ ጎድጉዷል።"

"እትዬ፣ ድምፁን ይስሙት እስቲ! ወፍራም ነው" ብሎ ደግሞ መታላት።

ዘፋኙ "አንተ! ዘፈን ላይ ነን እኮ!" ብሎ ጮኸ።

እኔ ይሄ ሁሉ ግጥሙ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

ነገሩ ሲገባኝ በርሜሌ በተሸካሚ ራስ ላይ ሆኖ ወደ አብነት ሰፈር እየሄደ ነው። ባንዱ እዚያው ተሰዳድቦ ፈረሰ። ውሃ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ በምን እንደማጠራቅም እንጃ።

እናንተስ ልጆቻችሁ ምን ሸጡባችሁ? ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ ነውና አጭር አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ትርፍ በርሜል ያላችሁ ግን በረዥሙ ጻፉ።