ቶሎ የገጠመው እርግብግቢት

ልጄ ሲወለድ ዓይኖቹ ትልልቅ ነበሩ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ዓይኑን ተመልከቱልኝ» ይል ነበር፤ እኔም ሥራው የእኔ ይመስል ደረቴን ነፋ አድርጌ ምስጋናውን እቀበል ነበር። ያን ጊዜ ያደነቅነው በሽታውን እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እናቴ የቄስ ባልቴት ነበረች። ባለቤቴ ስትወልድ አራሷን ልትንከባከብ ከገጠር ወረታ እኛ ቤት መጣችና በዚያው ቀረች። በወረታ ዙሪያ የሩዝ ሜዳው ላይ ባሉት መንደሮች የሕፃን ራስ በማሸት የታወቀች ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ለጋ ቅቤ በመዳፏ ታቀልጥና ግንባሩን፣ ከጆሮው በላይ ያለውን፣ ማጅራቱን ቀስ አድርጋ ታበጃጀዋለች። በእሷ እጅ ጠማማ ራስ ይቃናል ይባላል። አናቱ መሐል ያለውን ስሱን ቦታ፣ እርግብግቢቱን ደግሞ ቅቤ ታጠግበዋለች። እሱ እስኪገጥም ድረስ ሕፃን አደራ ነው ትል ነበር።

የእኛ ልጅ ሦስት ወር ሳይሞላው እርግብግቢቱ ገጠመ። እናቴ ጎረቤቶቿን እየጠራች በጣታቸው አስዳሰሰቻቸው። «በዚህ በእጀ ነው የገጠመው» አለች፣ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ እያሳየች። ሴቶቹ መረቋት። ጠንካራ ልጅ ተባለ፤ እኔም አመንኩ።

የሩዝ አጨዳው በደረሰበት ሰሞን ባለቤቴ ጡቷን አሟት ስለተኛች ለክትባት ልጁን ይዤ ጤና ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ራሱን ዳሰሰች፣ በሜትር ለካች፣ ደግማ ለካች። እርግብግቢቱ መቼ እንደገጠመ ጠየቀችኝ። ሦስት ወር አልሞላውም ነበር አልኳት፣ እየኮራሁ። አልሳቀችም። የራስ ቅሉ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ተጋጥመው ሊሆን ይችላል፣ አንጎሉ ማደጊያ ካጣ ዓይኑን ሊጎዳው ይችላል፣ በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር ውሰደው አለችኝ። ምናልባት ቅሉን መክፈት ያስፈልግ ይሆናል ስትል ልጁን ከእጇ ተቀበልኳት። የሪፈር ወረቀቱን እየጻፈች «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ» አለችኝ።

የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ የሚገነጠልበት ቦታ ላይ ልጁን እንዳቀፍኩ ብዙ ቆምኩ። የባሕር ዳር ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ነበር የቀረው፤ ረዳቱ እጄን ሊይዘኝ ምንም አልቀረውም። ልጁ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል። ያን ራስ በመጋዝ ሲከፍቱት ታየኝና ወደ ቤት የሚሄድ ባጃጅ ያዝኩ።

ቤት ስደርስ መርፌውን ተወግቷል አልኩ፤ ሌላ አልተነፈስኩም። እናቴን ብቻ ዘወር አድርጌ የልጁ ራስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ምን ይሆናል ልጀ? እኔ በእጀ ያበጀሁት ራስ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መስማት የምፈልገውም ይህንኑ ስለነበር ከነርሷ ይልቅ እሷን አመንኩ። ወረቀቱን መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እንግዲህ ሞኙም ወረቀቱን የያዝኩትም ነኝ። ከአጨዳ በኋላ እወስደዋለሁ አልኩ። አጨዳው አለቀ። ከጥምቀት በኋላ አልኩ። ከፋሲካ በኋላም አልኩ።

ዓመት ሲጠጋው ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ጀመረው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድነው፤ ሳምንት ሙሉ ውኃው ውስጥ ነከርነው፤ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቴ ገንፎ ስታጎርሰው ማንኪያውን ፊቱ ላይ ወዲህና ወዲያ አደረገችው። ድምጿን ሰምቶ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ማንኪያውን አልተከተለም። ማንኪያውን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። በነጋታው ባሕር ዳር ነበርን፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

ቀዶ ሕክምናው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ሐኪሙ እኔን ብቻዬን ጠራኝ፤ ባለቤቴ ከልጁ አልጋ አልተለየችም ነበር። ወረቀት ላይ የራስ ቅል ሥሎ አሳየኝ። ቅል አንድ አጥንት አይደለም፣ ብዙ ነው፣ መጋጠሚያው ክፍት የሚቆየው አንጎል እንዲያድግ ነው አለኝ። የእኛ ልጅ መጋጠሚያ መዘጋት የጀመረው ገና በማኅፀን ነው። እናቴ ታሸው እንደነበር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ እጅም ቅቤም ይህን አያደርግም አለ። አሁን አንጎሉ ቦታ አግኝቷል፣ ይናገራል፣ ይማራል። የዓይኑ ነርቭ ግን ደርቋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብትመጡ ኖሮ ምናልባት ዓይኑን እናተርፈው ነበር አለኝ። ከዚያ በፊት የነገራችሁ ሰው አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ማንም አልነገረንም» አልኩት።

ወረታ ስንመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። የልጁን ዓይንና አናቱ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰፋውን አየች። አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ። በዚህ በእጀ ዘጋሁበት» አለች። ባለቤቴ ሐኪሙ ምን እንዳለ እንድናገር ወደ እኔ ዞረች። ብዙም አላለም አልኩ። እውነቱን ልጻፈውና፣ ያን ጊዜ ቀለለኝ። ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ተገኘ፤ እሱም እናቴ ሆነች። በዚያው ዕለት የነርሷን ወረቀት ከመጽሐፉ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ግማሹን መናገር እችል ነበር። እማ፣ ያንቺ እጅ አይደለም ማለት ምን ያቅታል? ግን ባለቤቴ ነገር የማታስቀር ሴት ናት። እሺ፣ ታዲያ መቼ ነበር መሄድ የነበረብን ብላ ትጠይቀኛለች፤ ያችን ጥያቄ ፈራኋት። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመት ዞረ።

እናቴ ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች። ምን ብላ እንደተናዘዘች ራሷ ነገረችን፤ የልጅ ዓይን አጠፋሁ ብላ ነው። ልቧ እንዲያርፍ ብለው ነው መሰለኝ፣ ለአንድ ጾም በየቀኑ አርባ ስግደት ሰጧት። ጾሙ አለቀ፤ እሷ አላቆመችም። ጉልበቷ አብጦ ለመነሣት ግድግዳ ትደገፍ ነበር። ብዙ ጊዜ ብብቷን ይዤ ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ እሷም እያነሣኋት ትመርቀኛለች። ሕፃን ይዘውላት የሚመጡ እናቶችን እጄ ክፉ ነው እያለች መለሰቻቸው። የልጃችንን ራስ ዳግመኛ አልነካችም። ጭኗ ላይ ሲወጣ ወገቡን ብቻ ትይዛለች።

ልጁ አደገ። ቤተ ክርስቲያን መምህሩ ዘንድ ቁጭ ብሎ ዳዊት በቃሉ ይዟል፤ ከሚያዩት ልጆች ይቀድማል። ሰዎች ለዚህ ትምህርት ጆሮ እንጂ ዓይን ምን ያደርጋል ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ያናድደኛል። ለሚያይ ሰው እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

እናቴ ባለፈው ክረምት፣ ሜዳውን ውኃ በዋጠው ሰሞን ታመመች። እንደምትሞት ስታውቅ ልጁ እንዲመጣላት ጠየቀች። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ እጇን ፈለገ፤ ከራሱ ላይ ሊያደርገው ነበር፣ እንድትመርቀው። እሷ ሁለቱንም እጆቿን ጋቢዋ ውስጥ ደበቀች። ልጁ አልጋውን እየዳበሰ ፈለገ፣ አጣው። ወደ እኔ አየችና «አንተ ባርክልኝ ልጀ። ያንተ እጅ ንጹሕ ነው» አለችኝ።

እጄን ልጁ ራስ ላይ አደረግሁ። ከጠባሳው ላይ አረፈ። ያኔ ብናገር ትሰማኝ ነበር። አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ከተዝካሩ በኋላ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኳት። አልጮኸችም። እሳቸው ሳያውቁ ነው የሞቱት ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኩ። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። በሳምንቱ ለንስሐ አባታቸው ንገራቸው አለችኝ።

ሄድኩ። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነርሷን፣ ወረቀቱን፣ ሐኪሙን፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀኖና ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ የፈለገውን ያህል ቢከብድ እፈጽማለሁ አልኩ። 

«እኔ ምን እሰጥሃለሁ?» አሉ። «ያንተን እናትህ ሰግደውልሃል።»