እንኮዩና የእትዬ ብርቄ ብርቱካን

የበደለችኝ የአባቴ እኅት እትዬ ብርቄ ናት። ጊዜውም ሰባተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እንደ ልቤ ስለምጽፍ እሷ እላታለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰኔ ጓሮዬን ሊያይ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው። የምኖረው ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አንድ እንኮይ አለኝ፤ ከእኔ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሲበስል ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሲነክሱት መጀመሪያ ጥርስ ያጠርሳል፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ያስመኛል። ባለሙያው ዞሮ ዞሮ አየውና ገረመው።

«እማማ፣ እኛ ያፈላነው እንኮይ እኮ ሁሉም ደረቀብን! ባዶ መሬት ላይ በመስመር ተክለን፣ ጠዋትና ማታ እያጠጣን። የእርስዎ እንዴት ያዘ?»

«ለብቻው ስለተከላችሁት ነው» አልኩት። «የእንኮይ ሥር ጎረቤት ይፈልጋል። የሌላ ዛፍ ሥር ካላገኘ አንድ ስንዝር አድጎ ይቀራል።»

«ማን አስተማረዎት?»

«አክስቴ ግቢ ነው የተማርኩት» አልኩት። እሱም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ያልነገርኩት ግን ይበዛ ነበር።

ያደግኩት ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ተዳፋት ላይ ባለች መንደር ነው። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከሦስተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና አባቴ ሸዋ ሮቢት እኅቱ ዘንድ ወሰደኝ። እትዬ ብርቄ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። የተቀበለችኝ ለአንድ ዓመት ነው። «ከዚያ በኋላ እናያለን» አለችው አባቴን። በየዓመቱ መስከረም ሲቃረብ ያ «እናያለን» ይመጣል። እኔም ክረምቱን እየተሽቆጠቆጥኩ አሳልፋለሁ፤ ውኃ ቅጂ ሳልባል እቀዳለሁ፣ ያልቆሸሸ ግቢ እጠርጋለሁ። ሰው ቤት ተቀምጦ የተማረ ያውቀዋል፤ ፈተናው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።

ግቢዋ መሐል አንድ ብርቱካን ነበር፤ ባሏ በተጋቡበት ዓመት የተከለው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያግለው ወንበሯን አውጥታ ከሥሩ ትቀመጣለች። ከአጥሩ ማዶ ሽንኩርት የሚያለማው ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ፣ የመስኖ ውኃ ተራው በደረሰ ቁጥር አንዲት ቀጭን ቦይ ወደ ብርቱካኑ ይለቅላታል። «የሟች አደራ ነው» ይላል።

በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አባቴ ከአገር ቤት በዘንቢል እንኮይ ይዞ መጣ። እትዬ ብርቄ አንዱን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች። «ወይኔ ልጅነቴ! ይሄ ነገር እዚህ ግቢ ቢበቅል ምን ነበረበት!» አለች። እኔ እንግዲህ መስከረምን የማልፍበት መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ዘሮቹን ሰብስቤ አደረቅኳቸው።

መጀመሪያ የተከልኩት ከሁሉም በተሻለው ቦታ ላይ ነው። ዙሪያውን እንደ ሽንኩርት መደብ አረሙንም ሣሩንም ነቅዬ ንጹሕ አደረግኩለት። ስንዝር ያህል ወጣና ደረቀ። አፈሩን በፍግ ለውጬ ደገምኩት፣ እሱም ደረቀ። የገደለው የእኔ ጥንቃቄ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ውኃ አንሶት ይሆናል ብዬ ሦስተኛውን ቦይዋ የምታልፍበት ብርቱካኑ ሥር ተከልኩት። ያዘ። ያለ ምንም ልፋት ያዘ።

በተተከለ በሦስተኛው ዓመት ወገቤ ደርሶ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ሰጠ። አንዱን ቀጥፌ ለእትዬ ብርቄ ሰጠኋት። ኮምጥጦባት ዓይኗ እንባ አቀረረና ሳቀች። «አንቺ ጉደኛ! እውነትም አበቀልሽው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በዚያው ሳምንት ለጎረቤት ሴት «ይቺ ልጅ ስምንተኛንም እዚሁ ትጨርስ» ስትል ጆሮዬ ገባ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

የብርቱካኑ ቅጠል ግን መገርጣት ጀምሮ ነበር፤ ያውም በእንኮዩ በኩል። አንድ ጠዋት እሷ ገበያ ስትሄድ አፈሩን በእንጨት ጫርኩት። የእንኮዩ ቀጫጭን ሥሮች ብርቱካኑ ሥር ላይ እንደ አልቅት ተጣብቀዋል። አንዱን ሳብኩት፣ አልላቀቅ አለ። ያን ጊዜ ብናገር እንኮዩ ይቆረጥ ነበር፤ ብርቱካኑም ምናልባት ይተርፍ ነበር። እንኮዩ ከተቆረጠ ግን ስምንተኛ ክፍልም አብሮ የሚቆረጥ መሰለኝ። አፈሩን መለስኩና በእግሬ ረግጬ ደለደልኩት።

ነሐሴ ሲያልቅ ብርቱካኑ በዚያ ሁሉ ዝናብ መሐል ራቁቱን ቆመ። እትዬ ብርቄ ግንዱን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ባሌ ሲሞት እንኳ ቅጠሉን አልጣለም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው። እግርሽ ደረቅ ነው!»

እግረ ደረቅ መባል በእኛ አገር ቀላል ስድብ አይደለም። የገባችበት ቤት ይጎድላል፣ የረገጠችው ይደርቃል ማለት ነው። አንዴ ከወጣልሽ ታጥቦ አይለቅም።

ጋሼ ሰይድ ከማሳው ሰምቶ ገባ። «እትዬ ብርቄ፣ አላህን ይፍሩ እንጂ! ወላሂ፣ ዛፍ በልጅ እግር አይደርቅም። ዘንድሮ የኔም ሎሚ ታሟል። ዶማ ላምጣና ሥሩን ቆፍረን እንየው።»

«አይቆፈር!» ብዬ ጮኽኩ።

ጋሼ ሰይድ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ሊያድነኝ የመጣው እሱ ብቻ ነበር፤ የመለስኩትም እኔው ነኝ።

«አዩልኝ?» አለች እትዬ ብርቄ። «የራሷን ነገር ታውቀዋለች!»

በማግስቱ እንኮዩን በገዛ እጇ በመጥረቢያ ቆረጠችው። በሦስተኛው ቀን ልብሴን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ አገር ቤት ተመለስኩ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አራት ዓመት ባከነብኝ። በኋላ ካራቆሬ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ቀጠልኩና አስተማሪ ሆንኩ፤ ጡረታም የወጣሁት በዚያው ሥራ ነው። እትዬ ብርቄ ግን አልተወችኝም። ሠርግ ቤት ባገኘችኝ ቁጥር «ሙሽራዋ ሳትገባ እሷን እንዳታስገቧት፣ እግሯ ደረቅ ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ የሳቅሁ መስዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ጠይቄው ነበር። አንድ እንኮይ ብቻውን ትልቅ ብርቱካን የሚገድል አይመስለኝም፣ በሽታም ይዞት ይሆናል አለኝ። እኔ እንጃ። በደሌ ግን በዚህ አይቀልልኝም፤ ያየሁትን አይቻለሁ። የእሷም አይቀልላትም። አንድ ነገር ግን የገባኝ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ነው። የሟቹን ካፖርት ልጄ ሊለብሰው ሲል ከእጁ ነጥቄዋለሁ። እትዬ ብርቄ ያን ብርቱካን ይዛ የቆመችበት አቋቋም የዚያን ዕለት ትዝ አለኝ።

ባጃጅ ይዤ እሷ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ አሁንም እዚያው ግቢ ነው ያለችው፤ አንዲት ዘመድ ትጦራታለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

«እትዬ፣ የብርቱካኑን ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አልኳት። «እንኮዩ ሥሩን ይመጥጠው ነበር። ያኔ አይቼ አፈር መልሼበታለሁ።»

በእጇ ጉልበቷን ስታሻሽ ቆየችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «እንግዲያ እግርሽ አልነበረማ! እጅሽ ነው በይኛ!»

«ሃምሳ ዓመት እግረ ደረቅ ብለውኛል እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያባርሩኝ ነበራ።»

«አዎ፣ አባርርሽ ነበር» አለች፣ ሳትደብቅ። ቀጥላም «ያ እንኮይ ግን ጣፋጭ ነበር» አለች።

እኔ አልሳቅሁም። ይቅርታ ልትለኝ ይሆናል ብዬ በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ አላለችም። ከእኔም አፍ እስከዚያ ድረስ ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣም ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ውኃ አሙቄ ጠጉሯን አጠብኩላት።