ስፖኪዮ ያለበት ፎቶ

የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲሚንቶ ጭኖ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ባልደረቦቹ «ስፖኪዮ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ ጥጉ ላይ የመኪናው የጎን መስታወት ስለማይጠፋ ነው።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ከረዳትነት አንስተው መሪ ያስጨበጡት፣ እንደ አባት የሚያያቸው ጋሼ፣ አምና ልባቸውን ታመሙና ሐኪም መንዳት ከለከላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የነዱ ሰው ቅስማቸው ተሰበረ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ብቻ ሆነ ሥራቸው። ባለቤታቸው እትዬ ደውለው «ልጄ፣ ጋሼህ አለቁብኝ። እህል አይሉ፣ ጨዋታ አይሉ» አሉት።

አንጀቱን በሉት። እንግዲህ ምን ያድርግ፣ እሱ ያለው መንገድ ነው። ፎቶ ይልክላቸው ጀመር፤ ያውም ቆንጆ ቆንጆውን። መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ወርዶ፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ፤ ፏፏቴ፣ የምትጠልቅ ጀምበር፣ ጉም የለበሰ ተራራ። ጋሼ ግን ካላንደር የሚሸጥላቸው ይመስል ገረፍ አድርገው አይተው ስልኩን ይደፉታል።

አንድ ጠዋት መንገድ ሲጠገን ቁልቁለት ላይ ተሰልፎ ቆመ። መውረዱ ታከተውና እዚያው ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ፎቶ አንስቶ ላከ። አቧራማ መንገድ፣ ሁለት የቆርቆሮ ቤት፣ የተሰጣ ልብስ፣ ጥጉ ላይ ስፖኪዮ። ምኑ ይታያል ትላላችሁ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«አንተ፣» አሉ ጋሼ፣ ሰላምታ እንኳ የለ፣ «በግራ በኩል ሸራህ ላልቷል። አይታይህም?»

ስፖኪዮውን ቢያይ እውነታቸውን ነው። ዝናብ ቢመጣ ያ ሁሉ ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ይቀር ነበር። ወርዶ አጥብቆ አሰረው።

«ሰማያዊ በር ያላት የጎማ ሠሪው ቤት ናት። ሰውዬው አለ?»

«አለ ጋሼ። አሁንም ጎማ እየነፋ ነው።»

«ተመስገን። ድልድዩን ሳታሳየኝ እንዳታልፍ።»

ለካ የናፈቃቸው ከጋቢና የሚታየው ተራ አገር ኖሯል። ከዚያ በኋላ ባቆመበት ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ ያነሳላቸዋል፤ ማደያ፣ ኩርባ፣ ያላለቀ ፎቅ፣ ሰው የሌለበት ፌርማታ። ጋሼ በያንዳንዱ ፎቶ ይጨቃጨቁታል። ለምን ተጠጋህ፣ መስታወትህን ጥረግ፣ ያቺን ዛፍ ማን ቆረጣት። እትዬ በሦስተኛው ሳምንት ደውለው «ምሳቸውን እየበሉ ሲሰድቡህ ዋሉ፤ እድሜ ይስጥህ» አሉት። እሱም እንደዚያ ቀን ስድብ ጥሞት አያውቅም።

ባለፈው ሰኞ ታዲያ ሲሚንቶ የሚጭንበት መጋዘን በር ላይ ጋሼን ጃኬታቸውን ለብሰው ቆመው አገኛቸው። «ሐኪሙ መንዳት ነው የከለከለኝ፣ መቀመጥ አልከለከለኝም» ብለው ወደ ጋቢናው ወጡ።

መንገድ ላይ ስልኩን ተቀብለው እሳቸውም አንድ አነሱ። ፎቶው ተንጋዷል፣ ግማሹን አውራ ጣታቸው ሸፍኖታል። መሪውን የያዙ ሁለት እጆች ብቻ ይታያሉ።

«ይሄን ሁሉ ስትልክልኝ አንተ አንዱም ላይ የለህም» አሉ። ፎቶውን መለስ ብለው አዩና «አያያዝህ የኔ ነው» አሉ።

«እርስዎ ባይኖሩ ይሄ መሪ መቼ እጄ ይገባ ነበር፣ ጋሼ።»

«ይልቅ ማርሽ ቀንስ፣ ቁልቁለት ነው» አሉት። ቀነሰ።