የሰማንያ ሚስት

ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. መሐል ሜዳ ከተማ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የጀመርኩት፣ ወደ አሜሪካ የሚላክ የጋብቻ ማስረጃ ቅጽ አላለቀም፤ የባል ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።

ቅጹን ልታስሞላ የመጣችው ሴትዮ ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም፤ ራሷ የፈተለችውን የሱፍ ባና ብርድ ልብስ ክንዷ ላይ አጥፋ ቆመች። ባሏ አስመራ ሰፍሮ የነበረ ነጭ የአሜሪካ ወታደር ነው፤ አገሩ ተመልሷል። የሚኖርበት የአሜሪካ ግዛት ሕግ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ በአገሩ ፍርድ ቤት ገና እየተከራከሩበት ነበርና «ውሳኔያቸውን እንጠብቅ» አልኳት።

«ጥቁር የሚሉት እኔን ነው? ጠይም ነኝ፤ የሰማንያ ሚስትም ነኝ። ጦራቸው አስመራ ሲሰፍር መልካችን አላስቸገራቸውም፤ ባሌ ቤቴ ሲገባ ነው የታያቸው? እርስዎ ስሙን ይጻፉት።»

አልጻፍኩም። ሰኔ ላይ ፍርድ ቤታቸው ሕጉን ሲሽር፣ እሷ በተስቦ ከሞተች ሳምንት አልፏት ነበር።

ቅጹን ሳልሞላላት የቀረሁ ዕለት ከቢሮዬ ወጥታ ፖስታ ቤት ሄደች። ባናውን ጠቅልላ አስረከበች፤ ከወታደሩ ስም በላይም «ለባሌ» ብላ አስጻፈች።