የጣዝማዋ ጎረቤቶች

ልጅ ሳለሁ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጥፌ የማዳምጠው አንድ ስስ ድምፅ ነበረ፤ ዛሬ ሳስበው አፌን ይመረኛል።

የምንኖረው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። በግቢው ጥግ አባባ ወልዴ የሚባሉ፣ ልብስ በመተኮስ የሚተዳደሩ የጉራጌ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸውም ቀደም ብለው ሞተዋል። ያኔ ሲመሻሽ በረንዳቸው ላይ ፋኖስ ሰቅለው፣ ፍም የሞላ ካውያቸውን እያንሸራተቱ ተረት ሲነግሩን፣ የከሰሉ ጭስና የእርጥቡ ጨርቅ እንፋሎት ተቀላቅሎ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም እናቶቻችን ለእራት እስኪጠሩን ድረስ ንቅንቅ አንልም ነበር።

ከበረንዳው ሥር፣ ከግንቡ አጠገብ፣ ምስማር የማታስገባ የምትመስል ቀዳዳ ነበረች። ጣዝማ ትኖርባታለች። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ከዝንብ የምታንስ የዱር ንብ ናት። ቀዳዳዋን ያገኟት ሟች ሚስታቸው ነበሩ፣ ግቢ ሲጠርጉ። አባባ ወልዴ በዓመት አንዴ አንድ ሲኒ ማር ብቻ ይቀዱና የቆፈሩትን መልሰው ይደፍኑታል፤ ያቺም ሲኒ በግቢው ለሚያስለው ልጅ ሁሉ ትዳረሳለች። ተረት ከመጀመራቸው በፊት ጆሯችንን መሬት ላይ ያስለጥፉናል።

«እሜቴ አለች?»

«አለች!» እንላለን፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ተረታቸው ስለ እሷ ነበር። ጣዝማ ብዙ ጎረቤት አላት፤ እንስላል ለልጆቿ ዓይን ይሰጣል፣ ማገጥ የሚባለው ባለ አበባ ሣር አጥንት፣ ግራዋ ክንፍ፣ አደይ ደም። አንድ ቀን የንጉሥ ልጅ መጣችና «ለደጄ የሚመጥነው ቀይ አበባ ብቻ ነው» ብላ ሌሎቹን አስነቀለች። ጣዝማ ቀዩን እየቀሰመች ጠገበች፤ ልጆቿ ግን መብረር አቃታቸው። እዚህ ሲደርሱ አባባ ወልዴ ካውያውን ያስቀምጡና «የቀረው ለነገ» ይላሉ። በነጋታው ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የማደንቀው የንጉሡን ልጅ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ መስከረም አባባ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ለመስቀል አገራቸው ገቡ። ግቢው ለበዓል ሲጸዳ እኔም ዶማ ይዤ በግንቡ ሥር የፈላውን ሁሉ፣ እንስላሉን፣ ማገጡን፣ አደዩን ሳይቀር ነቀልኩት፤ ግራዋውንም ከሥሩ ቆረጥኩት። በምትኩ ከአንድ ትልቅ ቤት አጥር ለምኜ ያመጣሁትን ቀይ አበባ ዳር እስከ ዳር ተከልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጎሽ! ግቢው አሁን ሰው መሰለ» አለኝ። እናቴ ሳመችኝ። እነሱ አረም ነው ያዩት፤ እኔ ግን ተረቱን ሰምቼ ነበር።

አባባ ወልዴ በጥቅምት መጀመሪያ ቆጮና ቅቤ ይዘውልን ተመለሱ። ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ ግንቡን ትክ ብለው አዩ።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። አያምርም?»

«ያምራል» አሉኝ። ዕቃቸውን እንደያዙ ቤታቸው ገቡ።

በኅዳር የጣዝማዋ ልጆች ከቀዳዳው እየወጡ መሬት ላይ ሲንፏቀቁ አየሁ። ደንግጬ ከእማዬ ደብቄ ስኳር በጠበጥኩላቸው። ይልሳሉ፤ አይበሩም።

«ስኳር የዛሬ ጉልበት ነው፣ ልጄ» አሉ አባባ ወልዴ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው። «ግልገል የሚያድገው በአበባ ዱቄት ነው፤ እሱም ከየዓይነቱ ሲሆን። አንቺን ዕድሜ ልክሽን ቂጣ ብቻ ቢያበሉሽ ትጸኛለሽ?»

«እንስላሉን መልሼ ልትከለው?»

«የመስከረም አበባ በኅዳር አይደርስም።»

በጥር አንድ አመሻሽ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ። ጸጥ ብሏል። እሳቸውም ተንበርክከው ብዙ አዳመጡ፤ ሲነሱ ጉንጫቸው ላይ አፈር ነበር፤ አላራገፉትም። ሚስታቸውን እንደገና የቀበሩ ያህል ፊታቸው ሲጠቁር አየሁና አለቀስኩ። የማደርገው ቢጠፋኝ «አባባ፣ የተረቱን መጨረሻ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«መጨረሻውን እኔም አላውቀውም ነበር» አሉ። «ዘንድሮ አየሁት።»

ከዚያ በኋላ ተረቱ ቀርቶ የሚሰማው የካውያው ድምፅ ብቻ ነበር። የግቢው ልጆችም አንድ በአንድ መምጣት ተዉ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ አባባ ወልዴም ካረፉ ቆይተዋል። በቅርቡ ልጄን ይዤ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። በመንገዱ ዳር አንድ ዓይነት ቀይ አበባ እስከ ታች ተደርድሯል፤ በመሃሉ አንዲት አረም እንኳ አልበቀለችም፤ ሰው እየቆመ ፎቶ ይነሳል። ጎንበስ ብዬ ብፈልግ አንዲት ንብ እንኳ አጣሁ።

«እማ፣ አያምርም?» አለችኝ ልጄ።

«ያምራል» አልኳት፤ ድምፄ የአባባ ወልዴን ሆኖ ተሰማኝ። ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ያቺን «ያምራል» ግን መርሳት አልቻልኩም፤ ያን ቀን ተቆጥተው ቢገርፉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።