ለልጄ መኪና ማርሚታ ስንመርጥ

ዓመቱ 2016 ነው፤ ኅዳር፣ ደብረ ታቦር ላይ ውርጭ ወርዷል። ልጄ ከገሳይ ከተማ ሰው የሚያመላልስባት መኪና ጭሷ በዝቶ ዓመታዊ ምርመራውን ወደቀች። ዳግም ከወደቀች ቦሎ አታገኝም፤ እሱም ሥራ አይኖረውም።

ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ ሊያስቀይር ሲሄድ ተከተልሁት። የመረጠው የሚያገሳውን ነው። ታስሮ መኪናዋ ስትነሳ፣ በሬ ስገዛ ትንፋሹን እንደማሸተው ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። የጋቢዬንም ጫፍ አፉ ላይ ያዝሁበት፤ ጥቀርሻ ለበሰ።

«አባቴ፣ ጥርሱንም ይዩለት እንጂ!» ብሎ ባለ ሱቁ ሳቀብኝ።

«ሌላ አምጣ» አልሁት።

ውስጡ ጭስ ማጣሪያ ያለውን አሰረልን። ደግሜ ጎንበስ አልሁ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ።

«አስነሳት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ብዬ ልጄን ተቆጣሁት።

«ከተነሳች ቆየች እኮ፣ አባዬ።»

መዳፌን ዘረጋሁ። እንደ ጥጃ ትንፋሽ ሞቀኝ፤ ከዚያ ጠብ ጠብ አለበት። ውሃ ነው። እሳት ከሚነድበት ሆድ ውሃ! ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ይቺማ መምጣቷንም ሰው አይሰማም» አለ ልጄ፣ የሚያገሳውን እያየ።

 የሚያገሳውን ለባለ ሱቁ መልሼ ጋቢና ገባሁ፤ በቀጥታ ወደ ምርመራው አስነዳሁት።

አለፈች።