ከመምህር ውቤ አልጋ ሥር የተገኘችው ነጥብ

መምህር ውቤ ከደጋ ተመድቦ መተማ ዮሐንስ ሲመጣ የያዘው አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ የእንጨት ኮምፓስና አንድ የሱፍ ኮት ነበር። ኮቱን በመጣ በሳምንቱ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲያ የሸረሪት መኖሪያ ሆነ። አልጋውን ግን ይወደው ነበር። ከወይዘሮ ትርንጎ የተከራያት የሣር ጎጆ ነፋስ ታሳልፋለች፤ በዚያ ሐሩር ደግሞ ነፋስ ያላት ክፍል ማግኘት መታደል ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። በዚያ በጋ የውሃ ሥራ ሰዎች መጡና፣ «አንድ የእጅ ፓምፕ እንተክላለን። ስንመለስ በቦታው ካልተስማማችሁ ወደ ጎረቤታችሁ ኮኪት እንወስደዋለን» ብለው ሄዱ። ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈርና ዋርካ ሰፈር ተፋጠጡ። በስብሰባው ሁሉም «እኩልነት!» ይላል፤ ሁሉም ግን ፓምፑን ከደጁ ይፈልጋል።

ውቤ ዐይናፋር ቢሆንም እጁን አወጣ።

«ሦስቱ ሰፈሮች የአንድ ሦስት ማዕዘን ጫፎች ናቸው» አለ። «ከየጎኑ አጋማሽ ተነሥቶ በጎኑ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም መስመር ብናወጣ፣ መስመሮቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ያቺ ነጥብ ከሦስቱም ጫፎች እኩል ትርቃለች።»

ተጨበጨበለት። በማግስቱ ገመድና ችካል ይዞ ወጣ፤ የሰፈሮቹ ሽማግሌዎችም ተከተሉት። ችግሩ ሦስቱ ሰፈሮች በአንድ መስመር ሊሰለፉ ጥቂት የቀራቸው መሆናቸው ነበር። ሦስት ማዕዘናቸው ሰው የተቀመጠበት ባርኔጣ ይመስል ጠፍጣፋ ነው። መስመሮቹ ከሰፈሩ ወጡ፣ የማሽላውን ማሳ አቋረጡ፣ አሁንም አልተገናኙም። ድንበሩ ላይ ካለው ደረቅ ወንዝ ሲደርሱ አንድ ወታደር ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ እኩልነት!» አሉ የላይ ሰፈሩ አባ ጀምበሩ። «ማዶ ነው ያለችው።»

«እኩልነት እዚሁ ነው፤ ተመለሱ!»

ከማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል፣ ኸሊፋ የሚባል ፍየል አርቢ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ከጋጣው አጠገብ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። «መርሐባ! ኑ፣ እዚህ ቆፍሩ! ፍየሎቼም ተጠምተዋል!»

ውቤ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ፓምፑ ኮኪት ሊሄድበት ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ ያንኑ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን ከካርቶን ቆረጠ። ከየጫፉ ተነሥቶ የፊት ለፊቱን ጎን እኩል የሚገምስ መስመር አሰመረ፤ ሦስቱ መስመሮች ከካርቶኑ ሳይወጡ ተገናኙ። መገናኛቸውን በጣቱ ጫፍ ሲደግፈው ካርቶኑ ወዲያም ወዲህም ሳይል ቆመ። ይህን ለአባ ጀምበሩ አሳያቸው።

«ይሄማ ሚዛን ነው!» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥ ሸጠዋል። «ሚዛን ይገባኛል። ተስማምቻለሁ።»

ሌሎቹም ተስማሙ። እንደገና ገመድ ተዘረጋ። ሦስቱ ገመዶች ዋርካ ሰፈር ጥግ ካለው ከወይዘሮ ትርንጎ ግቢ ገቡ፣ በጎጆዋ በር አለፉ፣ ከሽቦ አልጋው ሥር ተገናኙ።

ውቤ ላቡን ጠረገ። «አባ፣ ትንሽ... ወደ ውጭ ፈቀቅ ብትል...»

«ነጥብ ፈቀቅ ትላለች እንዴ? ‹ነጥብ ስፋት የላትም፣ ቦታ አትይዝም› ብለህ ልጆቻችንን ያስተማርከው አንተ አይደለህ? ይኸው አልጋህን ይዛብሃለች!»

«ለዋርካ ሰፈር ቀረበ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፉ። «ቤቴን እየሰጠሁ ትንሽ ቢቀርበኝ ምን አለበት?»

ቤታቸውን ሲሉ የውቤን መኝታ ማለታቸው ነው። እሱ ግን ለመከራከር ያፍራል፤ ደግሞም ሒሳቡ የራሱ ነው።

ጎጆዋ ፈረሰች፣ ፓምፑ ተተከለ፣ ውሃውም ወጣ። የሽቦ አልጋው በአራት ሰው ራስ ላይ ሆኖ ላይ ሰፈር ድረስ ተጓዘ፤ አባ ጀምበሩ ነፋስ የሚባል የማያውቃት የቆርቆሮ ክፍል አከራዩት። ከዚያ በኋላ ውቤ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። የተሰለፉት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት ይንጫጫሉ።

«መምህር፣ ከኋላ ተሰለፍ! መኝታ ቤትህ ዛሬ ወረፋ ነው!»